ጉልበት ላይ ያደገ ራስ

ኩልሱም ሰውን የምታስታውሰው በማጅራቱ ነበር። ፊት ይጠፋባታል። ጅማ ሂርማታ ገበያ መሀል ሰላም ያለቻትን ሴት ማን እንደሆነች ጨንቋት ትቆምና፣ ሴትየዋ ዞር ስትል ከሻሿ ሥር ያፈተለከችውን አንዲት ዘለላ አይታ «ውይ! የጀማለዲን ሚስት!» እያለች ከኋላ ትሮጣለች። የቀበሌ ስብሰባ በተጠራ ቁጥርም ከሁሉ ኋላ ነበር የምትቀመጠው። ሊቀመንበሩ ስለ ምርት ዘመቻ ሲናገር እሷ ከፊቷ የተደረደሩትን ሻሾች ትቃኛለች። ጨርቁ ከላይ ቢሸፍነውም ጉብታውን አይታ «ይቺ የኔ ናት፣ ያቺም የኔ ናት፣ ያቺ ደግሞ ሳትፈታው ከረመች፤ ሰነፍ!» ትላለች በልቧ። ጭብጨባው ሲመጣ ነው የምትነቃው።

የሰቶ ሰመሮ ሹሩባ ሠሪ ነበረች። በዚያ ሰፈር የሙስሊም ቤት ሴት ፀጉሯን ለማሠራት ከደጇ አትወጣም፤ ሠሪዋ ናት የምትመጣላት። ኩልሱም ሚዶዋንና ወስፌዋን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ጅማን የማይለቃትን ካፊያ በነጠላዋ እየመከተች ከቤት ቤት ትዞራለች። ገብታ ዱካ ላይ ትቀመጣለች፤ ሴትየዋ ሰሌን ላይ፣ በጉልበቶቿ መሀል። ከዚያ ጣቶቿ ሥራ ሲጀምሩ አፏም አብሮ ይጀምራል፤ ያለ ዜማ መሥራት አታውቅበትም። ለአራስ የአራስ ግጥም፣ ለሐዘንተኛ የሐዘን፣ ልጇ ለዘመተባት ደግሞ ቃል የሌለው፣ በአፍንጫ ብቻ የሚሄድ እንጉርጉሮ።

ከነካችው ራስ ሁሉ ግን የሷ የምትለው አንድ ብቻ ነበር። የፈድሊያ።

ኩልሱም እናቷን ያጣችው የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ነው። ያሳደገቻት አክስቷ መድና ናት፤ «አዴ» ነው የምትላት፣ እንደ እናት። ፈድሊያ የመድና ልጅ ናት። ሁለቱ ልጆች አንድ ሰሌን ላይ አደጉ፤ ፀጉራቸው ግን ከአንድ ዘር የወጣ አይመስልም ነበር። የኩልሱም ስስና ለስላሳ፣ ጠዋት የተሠራው ለቀትሩ የዙህር ሰላት ተፈትቶ የሚገኝ። የፈድሊያ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥቅልል ጥቅልል የሚል፣ ሚዶ የሚሰብር። መድና የልጇን ፀጉር እየሠራች «ማሻአላህ፣ ይሄ እኮ ደን ነው!» ባለች ቁጥር ኩልሱም በር ላይ ቆማ የራሷን ጭራ ጣቷ ላይ ትጠቀልል ነበር። ቅናትን ያወቀችው ያኔ ነው። አንድ ቀን ግን «አዴ፣ ዛሬ እኔ ልሥራት?» አለች። ያ ራስ ጉልበቷ ላይ ሲያርፍ፣ ሙቀቱ በቀሚሷ ሲዘልቅ፣ ቅናቷ ወደ ጣቶቿ ወረደና ሌላ ነገር ሆነ። የኔ ባይሆንም በእጄ ነው አለች። ከዚያ ወዲህ ያንን ራስ ሌላ እጅ ነክቶት አያውቅም።

ስለዚህ ፈድሊያ ለሰርቦ ከተማው ባለሱቅ ለሸኩር ስትታጭ ከሙሽራዋ በላይ የሠርጉን ቀን የናፈቀችው ኩልሱም ነበረች። በሰፈሩ አንድ ወግ አለ። መጋረጃው ተጋርዶ ሴቶቹ ለብቻቸው ሲሆኑ ሙሽራዋ ሻሿን ታወልቃለች፤ አውራጇም ፀጉሩን በግጥም ታወድስና የሠሪዋን ስም ታነሳለች። የቀረው ሙገሳ ሁሉ የሙሽራዋ፣ የእናቷ፣ የወገኖቿ ነው። ያቺ አንዲት ስንኝ ብቻ የሠሪዋ ናት። የሰፈሩ አውራጅ ደግሞ ራሷ ኩልሱም ናት፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ስትደርስ ዝም ትላለች። ራስን ማሞገስ ነውር ነውና ሌላ ሴት ተቀብላ «ኩልሱም» ትላለች። በብዙ ሙሽራ ላይ ስሟ ተጠርቷል። በፈድሊያ ላይ ሲጠራ ለመስማት ግን ዕድሜዋን ሙሉ ነው የጠበቀችው።

በዚያው ዓመት ዘነቡ የምትባል ሴት ከሆሳዕና መጥታ አወቱ መንደራ ሰፈር ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት ከፈተች። የሚሽከረከር ወንበር አላት፤ ፀጉር የሚያደርቅ ካስክ አላት፤ ግድግዳ የሚያህል መስታወት አላት። ከመስታወቱ ጎን ከመጽሔት የተቆረጠ ፎቶ ለጥፋለች፦ ፀጉሯ ከአናቷ ጀምሮ እርከን እየሠራ ወርዶ ትከሻዋ ላይ የሚፈስ ሴት። የጅማ ልጃገረዶች ቁርጡን «ደረጃ» አሉት። ወሬው ፈድሊያ ቡና ከምትለቅምበት መጋዘን ለመድረስ አልዘገየም።

አንድ ሐሙስ ፈድሊያ እንደ ልማዷ በኩልሱም ጉልበቶች መሀል ተቀምጣ፦

«ኩልሱሜ፣ አትቆጪኝም?» አለች።

«ራስሽን አታወዛውዢ።»

«ለሠርጌ ሹሩባ አልፈልግም።»

ሚዶው ቆመ። «ታዲያ ምን ልትሆኚ ነው? ወንድ?»

«ደረጃ መቆረጥ ነው የምፈልገው። ዘነቡ ጋ ያለችውን ሴትዮ አይተሻታል?»

«የማላውቃትን ሴትዮ የት አግኝቼ አያታለሁ?»

«ፎቶ እኮ ናት!»

«ፎቶም ብትሆን።»

ፈድሊያ ሳቀች። ኩልሱም አልሳቀችም። ያን ቀን ሹሩባውን ከወትሮው አጥብቃ ሠራችው፤ ፈድሊያ «ዓይኔን ወደ ጆሮዬ ወሰድሽው እኮ!» እስክትል ድረስ። እየሠራችም እንዲህ ስትል ተሰማች፦

*ጉልበቴ ላይ ሆኖ ያደገው ራስሽ፣*
*የሰው መስታወት ፊት ምን ነው መገስገስሽ?*

በማግስቱ እግሯ ራሱ ወደ አወቱ መንደራ ወሰዳት። በሩ ላይ የዶቃ መጋረጃ ነበር፤ በክሮቹ መሀል አጮለቀች። ዘነቡ አንዲት ሴት ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ታበጥራለች። ኩልሱምን የወጋት ካስኩም መቀሱም አልነበረም። ዘነቡ ቀና ስትል መስታወቱ ውስጥ የሴትየዋን ዓይን ታያለች፤ ሴትየዋም የሷን። እየተያዩ ነው የሚሠሩት። ኩልሱም የስንቱን ራስ ስትዳስስ ኖራ አንድ ቀን እንኳ የምትሠራትን ሴት ፊት አላየችም። ፈድሊያ ሹሩባዋ ሲያምርላት ፊቷ ምን እንደሚመስል አታውቅም። ይቺ ከሰው አገር የመጣች ሴት ልታየው ነው!

«ግቢ እህቴ» አለች ዘነቡ ሳትዞር፤ መስታወቱ አጋልጧታል። «ለመቆረጥ ነው?»

«አይ፣ ዝናቡን ልጠለል ብዬ ነው።»

ዘነቡ ወደ ውጭ አየች። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከዚያ ከኩልሱም ሻሽ ያመለጠውን ፀጉር በዓይኗ መዘን አደረገችው። «ያንቺ ስስ ነው። ፎቶዋ እንዳትሸውድሽ፤ በደረጃ ከቆረጥሽው ጫፉ አይጥ የበላው ነው የሚመስለው። ዙሪያውን አንድ ልክ ቢሆን ይሞላልሻል።»

«ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም። ዝናቡ እስኪያባራ ብዬ ነው።»

ወንበሩ ላይ ያለችው ሴት በሳቅ ፈነዳች። ኩልሱም ዶቃውን እያንኳኳች ወጣች። እስከ ሰቶ ሰመሮ ድረስ ጆሮዋ ውስጥ ይንኳኳ ነበር።

ቤት ስትደርስ ፈድሊያ ደጁ ላይ ተቀምጣለች። «ዘነቡን ትናንትና ጠይቄያት ነበር» አለች። «ፀጉርሽን ፈተሽ፣ ታጥበሽ ካላየሁት ምንም አልልሽም አለችኝ። ለአንዱ ፀጉር የሚያምረው ቁርጥ ለሌላው አይሆንም አለች።»

«ካላየሁት?» ኩልሱም ጮኸች። «እሷ ካላየችው እኔ አይቼዋለሁ! ከጥርስሽ በፊት ነው የማውቀው። እኔ ራሴ እቆርጥሻለሁ።»

ትከራከረኛለች ብላ ነበር። ፈድሊያ ግን ዓይኗ በራ። «አንቺ? ዋላሂ ትችያለሽ?»

ኩልሱም የልብስ ሰፊውን መቀስ ተውሳ መጣች። ሹሩባውን አንድ በአንድ ፈታችው። በጥብቅ ተሠርቶ የቆየ ፀጉር እንደሚሆነው ተስቦ፣ ረዝሞ፣ ሞገድ ሠርቶ ወረደ። ቅቤ አስነካችው፤ አበጠረችው፤ ከትከሻ አለፈ። ልክ እንደ ፎቶዋ ሴትዮ። ከዚያ እያንጎራጎረች ከአናት አጭር፣ ወደ ታች ረዘም፣ ወደ ታች ይበልጥ ረዘም እያደረገች ቆረጠችው። ስትጨርስ መድና እልል አለች፤ ጎረቤት መጥቶ አየ። ኩልሱም ያን ቀን ወደ አወቱ መንደራ አቅጣጫ እያየች ለብቻዋ ፈገግ አለች።

ሠርጉ ሊደርስ ሂና የሚታሰርበት ቀን ሆነ። ከሂናው በፊት መድና ልጇን በሙቅ ውኃ ከራስ እስከ እግሯ አጠበቻት። ፀጉሩም ደረቀ። ሲደርቅ ግን ያ ሁሉ ርዝመት ወዴት እንደገባ እንጃ፣ እያንዳንዱ ዘለላ ወደ ራሱ ተጠቅልሎ ተሰበሰበ። የአናቱ አጭር እርከን ወደ ላይ ተነስቶ እንደ እንጉዳይ ተነፋ፤ የታችኛው ጭራ ጭራ ሆኖ ጆሮና ጆሮዋ ሥር ተንጠለጠለ።

«ያ ረቢ!» አለች መድና። «ኢንታላ ኮ! ልጄን! ማል ታቴ? ምን ሆነች? ኩልሱም፣ ምን አደረግሽብኝ?»

ኩልሱም ጣቶቿን ፀጉሩ ውስጥ ሰደደች። ለካ ያንን ፀጉር አታውቀውም። ዕድሜዋን ሙሉ በፈታችው ቁጥር ወዲያው በቅቤ ስባ መልሳ ትሠራዋለች፤ ሲታጠብም ከነሹሩባው ነው። ለብቻው ተትቶ፣ ማንም ሳይጎትተው፣ እንደ ፈቃዱ ሲተኛ አንድ ቀን አላየችውም። ስታቅፈው ለኖረችው ራስ እንግዳ ነበረች።

ፈድሊያ ጨርቅ ራሷ ላይ ጥላ አለቀሰች። «ሸኩር ምን ይለኛል? ሴቶቹስ?»

«እሠራዋለሁ፤ መልሼ በሹሩባ እደብቀዋለሁ» አለች ኩልሱምና ጉልበቷን ዘረጋች። ጣቶቿ የሚያውቁትን ሞከሩ። ነገር ግን የአናቱ አጭር ፀጉር ከጉንጉኑ እየሾለከ ይወጣል፤ ይህን ስትይዝ ያ ይነሳል። ደጋግማ ሠራች፤ ደጋግማ ፈታች። ያ ራስ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን እንቢ አላት።

ወዴት መሄድ እንዳለባቸው ሁለቱም ያውቁ ነበር። ኩልሱም የሚመጣውን አየችው፦ የሷ ፈድሊያ በሰው ወንበር ላይ፣ መጋረጃው ተጋርዶ፣ ስንኙ ሲደርስ የሌላ ስም። ለአፍታ፣ እንዲህ ሆና ትሞሸር እንጂ የሚል ክፉ ሐሳብ በልቧ ሽው አለ። ከዚያ ፈድሊያ አፍንጫዋን በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርግ አየቻትና ተነሳች።

«ሻሽሽን እሰሪ» አለች። «ወደዚያች ሴትዮ እንሂድ።»

ዘነቡ ቤት መብራት ጠፍቶ ነበር። ካስኩ ዝም ብሎ ቆሟል። ዘነቡ እጇን አጣምራ በለሆሳስ ታንጎራጉራለች፤ ቃል የለውም፣ በአፍንጫ ብቻ ነው የሚሄደው። የጴንጤ ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ እንደዚያ ነበር የምትዘምረው። ኩልሱም ዜማው ደስ ሲላት በራሷ ተናደደች።

ፈድሊያ ሻሿን ፈታች። ዘነቡ ዞራ ዞራ አየችው። አልሳቀችም።

«ማነው የቆረጣት?»

«እኔ» አለች ኩልሱም። ለስድብ ተዘጋጅታ ነበር።

«እጅሽ ቀጥ ያለ ነው። እርከኑ አንድም ቦታ አልተዛነፈም። ሲቆረጥ ተስቦ ስለነበር ነው እንጂ። መብራት ቢኖር እኔም ካስክ ውስጥ ከትቼ፣ ስቤ፣ እንደዚሁ እሳሳት ነበር።»

ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ይቺ ሴት ለመጥላት እንኳ አትመችም!

«አሁን እናረጥበውና ጓሮ ፀሐይ ላይ ራሱ ይድረቅ» አለች ዘነቡ። «እንደዚህ ጥቅጥቅ ያለ፣ የሚጠቀለል ፀጉር አይጎተትም፤ በተኛበት ነው የሚቆረጠው። ደረጃውም ረጅምና ልስልስ መሆን አለበት፤ አናቱ ላይ ካጠረ እንዲህ ይነፋል። የአናቱን መመለስ አልችልም። የታችኛውን ወደሱ አምጥቼ ክብ አደርግልሻለሁ። ያጥራል ግን። አገጭሽ ድረስ።»

ፈድሊያ እሺ አለች። ፀጉሩ ሲደርቅ ዘነቡ ወንበሩን ወደ ጓሮ ስታወጣ ግን «ወንበር ላይ አልቀመጥም» አለች ፈድሊያ። «ኩልሱም ጉልበት ላይ ካልሆነ እፈራለሁ።»

«ጎንበስ ብዬ ልቁረጥሽ? ወገቤስ?»

«ይቅርታ፣ እህት ዘነቡ። አልችልም።»

ዘነቡ ተነፈሰች፤ ከዚያ ሳቀች። ሰሌን አነጠፈች። ትንሽ መስታወት አምጥታም ግድግዳውን አስደግፋ ከፊታቸው አቆመች። ኩልሱም ዱካ ላይ ተቀመጠች፤ ፈድሊያ በጉልበቶቿ መሀል፤ ዘነቡ ከላይ ጎንበስ ብላ። መቀሱ አንዲት ጥቅልል ሲቆርጥ፣ ሌላዋን ሲያልፍ፣ ኩልሱም ቀና አለችና መስታወቱ ውስጥ የፈድሊያን ፊት አየች። ዓይኖቿን ጨፍና ነበር፤ እንደ ሕፃን። ይሄ ፊት ሁልጊዜ እዚህ ነበር፣ ከጉልበቷ ማዶ።

«ምን ጎድሎብሽ ነው?» አለቻት በሹክሹክታ። «ሹሩባዬ ምን አጠፋ? ምን ብለሽ ነው ደረጃ ያልሽው?»

ፈድሊያ ዓይኗን ገለጠች። መስታወቱ ውስጥ ተያዩ።

«ሰርቦ ማን ይሠራኛል?» አለች። «አዲስ ሙሽራ ሐሙስ ሐሙስ ጅማ አትመጣ። የሸኩር እህቶች ነይ እንሥራሽ ማለታቸው አይቀርም። ሌላ ሴት ጉልበት ላይ ራሴን አላስቀምጥም፤ እንቢ ደግሞ አልላቸውም። ሠሪ የማይፈልግ ፀጉር ይኑረኝ ብዬ ነው። በጣቴ ነካ ነካ አድርጌ የምወጣው።»

ዘነቡ መቀሷን ይዛ ቆም አለች፤ ከዚያ ምንም እንዳልሰማች ሆና ቀጠለች። ኩልሱም የወደቁትን ጥቅልሎች ከሰሌኑ ላይ እያነሳች በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።

ሠርጉ የተደገሰው በቀን ነው፤ የዘመኑ ሠርግ ሰዓት እላፊን የሚፈራ ነበር። መጋረጃው ሲጋረድ ሴቶቹ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ዘነቡም ተጠርታ ነበር፤ ጫማዋን አውልቃ በሩ ጋ ኩርምት ብላለች። የምታውቀው ሰው የለም፤ ከሚባለው ኦሮምኛም ብዙው አይገባትም። ፀጉሩን መልሳ የቆረጠችው እሷ መሆኗን ከቤተሰቡ በስተቀር ማንም አያውቅም።

ፈድሊያ ሻሿን አወለቀች። ቤቱ «ማሻአላህ!» በአንድ አፍ አለ። ፀጉሯ ፊቷን ከቦ፣ ጥቅልል በጥቅልል ላይ ተደራርቦ፣ ስትዞር አብሮ እየዞረ፣ ስትቆም ወደ ቦታው እየተመለሰ። ፎቶዋን ሴትዮ ፈጽሞ አይመስልም። ፈድሊያን ነው የሚመስለው።

ኩልሱም ታወርዳለች፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ። በኦሮምኛም በአማርኛም የእናትየዋ ሙገሳ አለፈ፤ የወገን አለፈ። የፀጉሩ ስንኝ ደረሰ። ሴቶቹ ልማዳቸውን ያውቃሉ፤ ከመሀላቸው አንዷ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ኩልሱም ዝም ስትል ልትቀበላት። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ውሸት አትናገር፣ ምንም አትናገር፤ ዝም ካለች ስሟ ራሱ ይመጣል። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ስም።

በሩ ጋ ዘነቡ ከሌሎቹ ጋር ለማጨብጨብ እየሞከረች ምቱን ትስታለች።

ኩልሱም ዝም አላለችም። ዘነቡ እንድትሰማው በአማርኛ አወረደችው፦

*ሙሽራዬ ፀጉርሽ ተንዠረገገልሽ፣*
*ዘነቡ ናት አሉ ያሳመረችልሽ።*

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ መድና እልል አለች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ዘነቡ ስሟን ሰምታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዓይኗ እያየ የሆነውን ነገር ኩልሱም «አሉ» ብላ ነው የዘፈነችው። ከዚያ በላይ መስጠት አልቻለችም።

ሙሽሮቹ ወደ ሰርቦ ከተሸኙ በኋላ ዘነቡ ደጁ ላይ ጫማዋን እያጠለቀች፦

«እንዴት ነበር ያልሽው? ስሜ ያለበትን? እስኪ ድገሚልኝ» አለቻት።

«አንዴ ነው የሚባለው» አለች ኩልሱም።

ዘነቡ ፈገግ ብላ ነጠላዋን አጣፋችና ወደ አወቱ መንደራ መንገድ ጀመረች። ኩልሱም አልገባችም። ማጅራቷን በደንብ እስክታየው ድረስ ደጁ ላይ ቆማ ቀረች።